«50,000» ተብሎ የተሸጠልኝ አሸዋ

ፓወር ባንክ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ሳጥኑ ላይ የሚይዘው መጠን «50,000 ሚሊአምፔር ሰዓት» ነው ተብሎ የተጻፈበትንና ከ2,000 ብር በታች የሚሸጠውን ተጠንቀቁ። እኔ በ1,600 ብር ገዝቼ ወደ ቤቴ የተሸከምኩት አሸዋ ነው። ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ደቃቅ አሸዋ ነው።

የገዛሁት መርካቶ ውስጥ ከሚገኝ ሱቅ ነው። ሰፈራችን መብራት ስለሚመላለስ አንድ አስተማማኝ ነገር ፈልጌ ነበር። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይህ ለሳምንት ይበቃሃል፤ ከዱባይ በሻንጣ የገባ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ዋጋውም ደስ ይላል። ደረሰኝ ሳልጠይቅ ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ባለ 10 ዋት ቻርጀር ላይ ሰካሁት። በሁለት ሰዓት ውስጥ አራቱም መብራቶች በሩ። ፈጥኖ ሞላልኝ ብዬ ተደሰትኩ፤ ሞኝነቴን እዩልኝ። ባለ 10 ዋት ቻርጀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 20 ዋት ሰዓት ኃይል ነው የሚያስገባው። 50,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ ግን 185 ዋት ሰዓት ይሆናል። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ለመሙላት ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። በማግስቱ ስልኬን ከ12 በመቶ ወደ 57 አደረሰልኝና ጠፋ። ስምንት ጊዜ ያህል ሊሞላልኝ የሚገባው ዕቃ አንድ ጊዜ እንኳ አላደረሰኝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የማውቀው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። (እናንተ ራሳችሁ አትክፈቱት፤ የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ በእሳት ይያያዛል።) ክዳኑን ሲያነሣው በአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ስድስት ሲሊንደሮች ተደርድረዋል። ሽቦ የተበየደው ግን ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ከቀሩት አንዱን ገልበጥ ሲያደርገው ጠረጴዛው ላይ አሸዋ ፈሰሰ። ዕቃው እጅ ላይ ከበድ እንዲል ነው የተሞላው። ሁለቱ እውነተኛ ባትሪዎች አንድ ላይ ተለክተው 3,000 እንኳ አልሞሉም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ ያናደደኝ ሒሳቡ ነውና። የፓወር ባንክ ዋናው ወጪ ባትሪው ነው። ፕላስቲኩ፣ መብራቱና ሳጥኑ ኢምንት ናቸው። የብሉምበርግ የኃይል ጥናት ክፍል እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የሊቲየም ባትሪ አማካይ ዋጋ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር። ይህ በአብዛኛው የመኪና ፋብሪካዎች በገፍ ሲገዙ የሚከፍሉት ነው። በዚያ ዋጋ እንኳ 185 ዋት ሰዓት ከ21 ዶላር በላይ ያወጣል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር 100 ብርን ስላለፈ፣ ባትሪው ብቻውን ከ2,100 ብር በላይ ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ የአስመጪውና የባለሱቁ ትርፍ ገና አልተነካም። ታዲያ በ1,600 ብር የሚሸጥልኝ ማን ነው፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው?

«እንግዲያው ውድ ውድ እንግዛ» እንዳትሉ። ጠጋኙ ከመሳቢያው ሌላ የፓወር ባንክ ሬሳ አውጥቶ አሳየኝ። ደንበኛው 3,500 ብር የከፈለበት ነው። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ የታወቀ ስም ተለጥፎበታል፤ ሆዱ ግን የእኔው ወንድም ነው። የጨመረው የሻጩ ትርፍ ብቻ ነው። ዋጋ ከዕቃው ወጪ በታች ሲሆን አንድ ነገር እንደተሰረቀ በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ፤ ከወጪ በላይ ሲሆን ግን ትርፍ ይሁን ጥራት ከዋጋው ብቻ አይታወቅም። መጀመሪያ የሚሰረቀው ደግሞ ከልክ በላይ መሙላትንና መጋልን የሚከላከለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ሌሊት ከትራስ አጠገብ ሰክቶ የሚተኛ ሰው ይህን ያስብበት።

ስለዚህ ሚዛን ፈልጉ። ጥሩ የሚባለው ሲሊንደር ባትሪ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ 48 ግራም ያህል ይመዝናል። ለ50,000 አሥራ አምስት ያስፈልጋል፤ ባትሪው ብቻ ወደ 700 ግራም ነው። አሸዋ ስለሚሞሉ ከባድ መሆኑ እውነተኛ አያደርገውም፤ ቀላል ከሆነ ግን ውሸት መሆኑ አያጠራጥርም። ጽሑፉንም አንብቡ። ቮልቴጁ ከ3.7 ወደ 5 ሲያድግ ቁጥሩ ስለሚቀንስ፣ ሐቀኛ አምራች 10,000 ከሚለው ጎን ለስልኩ በተግባር የሚደርሰውን፣ 6,000 ገደማ የሚሆነውን፣ ይጽፋል። ይህ ሁለተኛ ቁጥር ከሌለ እለፉት።

«በሻንጣ ከዱባይ የገባ» የሚለውም ራሱን ያጋልጣል። በአውሮፕላን መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ የሚችለው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ160 በላይ ጭራሽ አይፈቀድም። እውነተኛ 50,000 ቢሆን ኖሮ 185 ዋት ሰዓት ስለሚሆን በሻንጣ አይገባም ነበር።

ደረሰኝ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኔ ግን ቀኑን የምቆጥርበት ወረቀት አልነበረኝም።

በአራተኛው ቀን ተመለስኩ። ሻጩ «ከፍተኸዋል፣ ገንዘብ አልመልስም፤ ሌላ ልቀይርልህ» አለና ያንኑ ዓይነት ሳጥን ሰጠኝ። በር ላይ ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረችና «እህቴ፣ ይህን መዝኚልኝ» አልኳት። ሦስት መቶ ግራም።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሰባት መቶ።»

«የኔ ሚዛን ይህን ያህል ቢያጎድል ዛሬውኑ ያባርሩኝ ነበር» አለች።

ሻጩ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብሎ አቧራውን ጠረገና መደርደሪያው ላይ መለሰው።