የነሐስ ሰዓቴ ከ14 ወር በኋላ

ወንድሜ ከዱባይ ሲያመጣልኝ እንደ ወርቅ ጥርስ ያብለጨልጭ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፍሬበታለሁ። ዛሬ 14 ወር ሞላው። ቀለሙ የተቆላ ቡና መስሏል፤ መሙያው አካባቢ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። አሁን ነው የወደድኩት።

የጠላቂ ዋናተኛ ሰዓት ነው። ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጀርባው ላይ 200 ሜትር የሚል ተጽፎበታል። እኔ ላንጋኖ ወገቤ ድረስ ገብቼ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ስለ ቀሪው 199 ሜትር ምስክር አልሆንም።

«ነሐስ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ትንሽ ያምታታል። መዳብና ዚንክ ቢቀላቀልም፣ መዳብና ቆርቆሮ ቢቀላቀልም ስሙ ነሐስ ነው። የኔው ሁለተኛው ነው፦ 92 በመቶ መዳብ፣ 8 በመቶ ቆርቆሮ። (የጣራው ቆርቆሮ አይደለም፤ እሱ ብረት ነው።) የመርከብ ዕቃ ከነሐስ የሚሠራው የባሕር ውሃ እንደ ብረት ስለማይበላው ነው። ላዩ ይጠቁራል፤ የጠቆረው ሽፋን ደግሞ ውስጡን ይጠብቃል። በሰዓት ላይ ነገሩን ፋሽን ያደረገው ፓኔራይ የተባለው የሰዓት ኩባንያ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ባለ 47 ሚሊ ሜትሩን 1,000 ብቻ ሠርቶ አወጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱዶርና ኦሪስ የተባሉት ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ይዘው መጡ። የነሱን ዋጋ ባናነሳው ይሻላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለውጡ ቀርፋፋ ነው። አምስት ወር አድርጌው ትንሽ ደብዘዝ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። ከዚያ ለሥራ ጅቡቲ ሄድኩ። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ጨዋማው አየር ተባበሩበት። አምስት ወር ያልነካው ሰዓት በአምስት ቀን አረንጓዴ አወጣ።

የሚያናድድም ነገር አለው። እጄ የድሮ ሳንቲም ይሸታል። የጀርባ ክዳኑ የማይዝግ ብረት ስለሆነ ቆዳዬን አያቆሽሽም፤ የነጭ ሸሚዝ እጅጌ ግን አይምርም። አብሮት የመጣው የቆዳ ማሰሪያ እዚያው ጅቡቲ ተሰነጠቀ። ሻጩ ዘንድ ብንደውል «ማሰሪያ ዋስትና የለውም» አለን። መርካቶ አሠራሁለት፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ውስጡ የሴይኮ ኤንኤች 35 አውቶማቲክ ማሽን ነው፤ ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚሞላው። የኔው በቀን 12 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ሲሞላ 41 ሰዓት ይሄዳል፤ ዓርብ ማታ ካወለቅኩት እሑድ ቆሞ ነው የማገኘው። በኛ ሰዓት ስለሞላሁት ቀኑ የሚገለበጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን በጣም ወድጄለታለሁ። ችግሩ ማሽኑ ወር ሁሉ 31 ቀን ይመስለዋል። በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን እገፋለታለሁ፤ ጳጉሜን ስትመጣማ ጣቴ እስኪደክም ነው የማዞረው።

አሁን ያለው ቀለም ሁለተኛ ዙር ነው። ከጅቡቲ እንደተመለስኩ እናቴ ቤት አደርኩና ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ጠዋት ስነሳ በሎሚና በአመድ ፈትጋ፣ ለጥምቀት እንደሚወጣ መስቀል አድርጋ ጠበቀችኝ። «ልጄ፣ ሻግቶብህ ነበር እኮ» አለችኝ። ዝገት እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። «እና ምንድነው?» አለች። መልስ አጣሁ።

አሁን እሷ ጋ ስሄድ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ነው የምከተው።