የቪኤ የስንብት ማሻሻያ መመሪያ፦ ለቦርዱ ይበቃል፣ ለቪኤው ግን አይበቃም

ከአሜሪካ ጦር «አዘር ዛን ኦነረብል» (ከክብር በታች የሆነ ስንብት) የሚል ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ አይመለከተኝም ብሎ ይቀመጣል። ቤተሰብም ነገሩን እንደ ነውር ስለሚያየው ወሬው አይነሳም። በቪኤው ድረ ገጽ (ቪኤ ዶት ገቭ) ላይ ያለው የስንብት ማሻሻያ መመሪያ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አካውንት መክፈትም አያስፈልግም። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም አጫጭር ናቸው።

በየትኛው ጦር አገለገልክ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ወጣህ፣ በጦር ፍርድ ቤት ነው ወይስ በአስተዳደር፣ ማሻሻያውን የምትፈልገው ለምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት አመልክተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ የትኛውን ፎርም ሞልቶ ለየትኛው ቦርድ እንደሚልኩ ይነግራል። ከወጡ 15 ዓመት ካልሞላና ስንብቱ በጄኔራል ኮርት ማርሻል (በከፍተኛው ደረጃ የጦር ፍርድ ቤት) የተፈረደ ካልሆነ ዲዲ ፎርም 293 ወደ ስንብት ገምጋሚ ቦርድ ይሄዳል። ካለፈ ወይም ጉዳዩ ከበድ ካለ ዲዲ ፎርም 149 ወደ መዝገብ አራሚ ቦርድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ መመሪያው ይህን አንድ ነገር በትክክል መሥራቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ማመልከቻውን ግን አይልክም፤ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ማስረጃ አያይዞ መላክ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ቅሬታችን ሌላ ነው። መመሪያው ሰውን የሚወስደው ወደ ጦሩ ቦርድ ሲሆን እዚያ መልስ ለማግኘት ከዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቪኤ ደግሞ የራሱ ሌላ በር አለው። ወረቀቱ ምንም ሳይቀየር፣ ቪኤው ራሱ የአገልግሎቱን ሁኔታ መርምሮ «ለእኛ ጉዳይ ይህ ሰው ቬተራን ነው» ብሎ መወሰን ይችላል። ገጹ ይህን ይጠቅሳል፣ ጥያቄዎቹ ግን ወደዚያ አይመሩም። ምክራችን ሁለቱንም በር በአንድ ሳምንት አንኳኩ ነው። አንዱ ሌላውን አያግድም። (ወረቀቱ ከ«ኦነረብል» ቀጥሎ ያለውን «ጄኔራል» የሚባለውን ስንብት የሚያሳይ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከጂአይ ቢል የትምህርት ክፍያ በቀር ሌላው የቪኤ ጥቅም ክፍት ነው።)

ለቪኤው ምርመራ የተለየ ፎርም የለም። ለሕክምና 10-10ኢዜድ፣ ለአካል ጉዳት ካሳ 21-526ኢዜድ ሲገባ ምርመራው በዚያው ይጀመራል። የካሳውን ማስረጃ ለመሰብሰብ ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ፎርም 21-0966 ማስገባት ነው፤ የማመልከቻውን ቀን ለአንድ ዓመት ይይዛል። ነገር የሚበላሸው ካውንተር ላይ ነው። ወረቀቱን አይተው «አንተ አይገባህም» ብለው በቃል የሚመልሱ ሠራተኞች አሉ፤ በቃል የተባለ ነገር ደግሞ ይግባኝ የለውም። ፎርሙን አስገቡ፣ የተቀበሉበትን ማኅተም ወይም ደረሰኝ ያዙ፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ቪኤው የሚያየው ሁለት ዓይነት መከልከያ አለ። የመጀመሪያው በሕግ የተደነገገው ነው፦ የጄኔራል ኮርት ማርሻል ፍርድ፣ ከጦር መክዳት፣ ያለ ፈቃድ 180 ቀን በተከታታይ መቅረት፣ በጦርነት ጊዜ «የውጭ ዜጋ ነኝና ልቀቁኝ» ብሎ ጠይቆ መውጣት። የመጨረሻውን በግሪን ካርድ የተመዘገበ ሁሉ ይወቀው። ሁለተኛው ቪኤው ራሱ ያወጣው ደንብ ነው፤ ተደጋጋሚ ጥፋትና አሳፋሪ የሚባል ወንጀል እዚህ ይገባሉ። ይህ ደንብ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ላልቷል። ለእነዚህ ሁለቱ፣ እንዲሁም ለ180 ቀኑ መቅረት፣ «አስገዳጅ ሁኔታ ነበረኝ» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም)፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት፣ የቤተሰብ ግዴታ ይቆጠራሉ። ዕድሜና የባህል አስተዳደግም በደንቡ ላይ ተጽፈዋል። ወላጁ ታሞበት፣ የበኩር ልጅ ሆኖ፣ ፈቃድ ተከልክሎ የቀረ ልጅ ይህን በዝርዝር ይጻፍ። በጄኔራል ኮርት ማርሻል ከመከሰስ ይልቅ ስንብት የተቀበለ ሰው ግን በዚህ አይጠቀምም።

ከዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። በሕግ የተደነገገ መከልከያ ያለበት ሰው ከስንብት ገምጋሚው ቦርድ ማሻሻያ ቢያገኝ እንኳ መከልከያው አይነሳም፤ ቪኤውን የሚያስገድደው የመዝገብ አራሚው ቦርድ ውሳኔ ነው። መመሪያው ይህን ልዩነት በግልጽ ቢያስቀምጥ የብዙ ሰው ዓመታት ይተርፉ ነበር።

ከሁሉ በፊት ዲዲ 214ን፣ ማለትም የስንብት ወረቀቱን፣ አውጡ፣ ግን «ሜምበር 4» የሚለውን ቅጂ። አጭሩ ቅጂ የስንብቱን ዓይነትና ምክንያት አያሳይም። ሳጥን 24 ላይ የስንብቱ ዓይነት፣ 26 ላይ ኮዱ፣ 28 ላይ ምክንያቱ ተጽፏል። ከዚያ ሳጥን 18ን አንብቡ። ወታደሩ የመጀመሪያ ውሉን ጨርሶ ወዲያው እንደገና የፈረመ ከሆነ በመካከል ሌላ ዲዲ 214 አይሰጠውም፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ግን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በክብር አገልግሏል የሚል መስመር ሊኖር ይችላል። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ለደረሰ ጉዳት ቪኤው ካሳ ሊከፍል ይችላል፣ የኋላው ስንብት ምንም ቢሆን። ይህን መስመር ሳያዩ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሰዎች አሉ። ወረቀቱ ከጠፋ ኤስኤፍ 180 በሚባለው መጠየቂያ ፎርም ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደር መዝገብ ማዕከል ይጠየቃል፤ ሙሉ የአገልግሎትና የሕክምና ፋይል አብሮ ይጠየቅ።

ለቦርዱ የሚጻፈው መግለጫ ይቅርታ መጠየቂያ ብቻ ከሆነ አይሠራም። በ2017 በወጣው የመከላከያ መምሪያ መመሪያ መሠረት ቦርዱ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ጥፋቱን ሊያስረዳ የሚችል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበረ ወይ፣ በአገልግሎት ጊዜ ነበረ ወይ፣ በእርግጥ ጥፋቱን ያስረዳል ወይ፣ ከጥፋቱ ይመዝናል ወይ። መግለጫውን በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፉት። ከቄሱ፣ ከእድሩ ሊቀመንበር፣ ከአክስት የሚመጣው ደብዳቤም «ጨዋ ልጅ ነው» ከሚል ይልቅ ያዩትን ይናገር፦ ከመሄዱ በፊት እንዴት ይተኛ ነበር፣ ሲመለስ እንዴት ሆነ፣ መጠጥ መቼ ጀመረ፣ ከሰው መቼ ተለየ። በአማርኛ ከጻፉት የተረጋገጠ ትርጉም አያይዙ። ጊዜው ካለ መጀመሪያ በፋይል ብቻ እንዲታይ ጠይቁ፤ ውድቅ ቢሆን በአካል የመቅረብ ዕድሉ ይቀራል፣ ሁለቱም ግን በ15 ዓመቱ ውስጥ ነው።

ተፈላጊ ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎች ጦሩ ውስጥ ይገቡበት በነበረው በማቭኒ ፕሮግራም ለገቡ ልጆች (አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር) እና በአገልግሎት ዜግነት ላገኙ ሁሉ የቦርዱ በር ሌላ ትርጉም አለው። አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በ«አዘር ዛን ኦነረብል» የወጣ ሰው በአገልግሎቱ ያገኘውን ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል። የቪኤው ውሳኔ ዲዲ 214ን ስለማይቀይር እዚህ ላይ አይረዳም። እንዲህ ያለ ሰው ቦርዱንም የኢሚግሬሽን ጠበቃንም አብሮ ይያዝ።

ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ምንም ወረቀት አይጠበቅም፤ 988 ደውሎ 1ን መጫን ነው። ከጥር 2023 ወዲህ ለእንዲህ ያለ አደጋ ነጻ ሕክምና አለ፣ እስከ 30 ቀን ተኝቶ፣ እስከ 90 ቀን ተመላልሶ። ከ100 ቀን በላይ አገልግለው በውጊያ ቀጠና የነበሩ፣ ወይም በአገልግሎት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች «አዘር ዛን ኦነረብል» ይዘውም በዚህ ሕክምና ይገባሉ።

የመጀመሪያውን የቪኤ ማመልከቻ ለመሙላት ገንዘብ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው። «ከሚገኘው ላይ እቆርጣለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትፈርሙ። ሚኒሶታ በየካውንቲው፣ ቨርጂኒያ በክፍለ ግዛቱ መምሪያ በኩል በነጻ የሚሞሉ ሠራተኞች አሏቸው። ቪኤው እምቢ ካለ ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት አለ፦ አዲስ ማስረጃ ካለ 20-0995፣ በያዙት ማስረጃ በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይ 20-0996፣ ወደ ቪኤው ይግባኝ ቦርድ 10182። ዓመቱ ካለፈ በአዲስ ማስረጃ መመለስ ይቻላል፣ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ግን ይጠፋል፤ ከእሱ ጋር የኋላው ክፍያ።