አጃ፣ ኦክና ውስኪ፦ ቬልቬት መርኪንን ቀመስኩት

መጀመሪያ አንድ ምክር፦ ይህን ቢራ ከፍሪጅ እንደወጣ አትጠጡት። በረዶ ሆኖ ከቀረበ የተቆላ ገብስ ምሬት ብቻ ነው የሚሰማችሁ።

ጠማቂው ካሊፎርኒያ፣ ፓሶ ሮብልስ ያለው ፋየርስቶን ዎከር ነው። አዳም ፋየርስቶንና እንግሊዛዊው የእህቱ ባል ዴቪድ ዎከር በ1996 እ.ኤ.አ. መሠረቱት። አርማቸው ላይ የሚፋጠጡት ድብና አንበሳ እነሱው ናቸው።

ቢራው አጃ የገባበት ስታውት፣ ማለትም ከተቆላ ገብስ የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ ነው፤ ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ይከርማል። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን ውስጡ በተቃጠለ አዲስ ኦክ እንዲያርፍ ስለሚያዝ፣ ያገለገለው በርሜል ለቢራ ጠማቂዎች ይተርፋል። ደግ ሕግ ነው!

ትንሽ ሞቅ ሲል ጠረኑ ይከፈታል። ቫኒላው ይቀድማል፤ እሱ ከእንጨቱ የመጣ ነው። ቀጥሎ ኮኮናት፣ ከዚያ ጥቁር ቸኮሌት። የአጃው ሥራ ግን ምላስ ላይ ነው። ወፍራም አጥሚት ጉሮሮ ላይ ሲንሸራተት አስቡ፤ ልስላሴው እንደዚያ ነው። ሐኪም ስታውት የለመደ ሰው በጥቁረቱ አይደነግጥም፤ 8.5 በመቶ አልኮሉ ግን ቀስ ብሎ ይይዛል። አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ተካፈሉት።

ከዶሮ ወጥ ጋር አልወደድኩትም፤ በርበሬው አልኮሉን ያቀጣጥለዋል። ከደረቅ ጥብስ ጋር ግን አንደኛ ነው።

ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ። ለኔ መጨረሻው ላይ ውስኪው ጫን ይላል፤ ውስኪ የሚወድ ጓደኛዬ ግን 10 ብሎታል።