ለድብ ግልገል ፓኬጅ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ለእረፍት ወደ ታይላንድ ልትሄዱ ያሰባችሁ ወገኖች፣ በተለይ ከዱባይና ከአቡዳቢ የምትነሡ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትልኩ። በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛ የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። «እናታቸው የሞተችባቸውን የድብ ግልገሎች ጡጦ አጥቡ፣ አቅፋችሁ ፎቶ ተነሡ፣ አድገው ወደ ጫካ እንዲመለሱ አግዙ» ይላል። ከሆቴልና ከኤርፖርት መቀበያ ጋር በአንድ ላይ ነው የሚሸጠው። እኔና እህቴ ከፍለን ሄደናል። ያየነውን ልንገራችሁ።

የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም። ስሙንና ቁጥሩን በየጊዜው ስለሚቀያይር ብታውቁትም ብዙ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቅ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ለአንድ ሰው 1,800 ዲርሃም ጠየቀን። ግማሹ ቀብድ ነው። ካርድ አይቀበልም። በሀዋላ ወይም በግለሰብ አካውንት ብቻ ላኩ ይላል። ደረሰኝ ስጠይቀው «እህቴ፣ አታስቢ፣ የአገር ልጆች አይደለን እንዴ» አለኝ። ቦታው ስንደርስ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ተጀመረ። ጡጦው ለብቻው ይከፈላል። በራስ ስልክ ፎቶ ማንሣትም ይከፈላል። በመጨረሻ «ስፖንሰርሺፕ» መጣ። 500 ዲርሃም ለዓመት ትከፍላላችሁ፣ ግልገሉን እናንተ ስም ታወጡለታላችሁ፣ ሰርተፊኬት ይሰጣችኋል፣ በየወሩ ፎቶ ይላክላችኋል። «ይሄ ግልገል የናንተ ብቻ ነው» ተባልን። ቃል በቃል።

ግልገሉ የፀሐይ ድብ ነው። ሰን ቤር የሚሉት። በዓለም ካሉት ስምንት የድብ ዝርያዎች ትንሹ ነው። አድጎ እንኳ ከ25 እስከ 65 ኪሎ ቢመዝን ነው። ያየነው ግን ገና ጨቅላ ነበር። ሲሚንቶ ወለል ባለው የብረት ቤት ጥግ ተቀምጦ የፊት መዳፉን ይጠባል። ሲጠባ «ህምምም» የሚል ድምፅ ያለማቋረጥ ያወጣል። እናቱን የሚጠባ ግልገል የሚያወጣው ድምፅ ነው። እናት የሌለው መዳፉን ይዞ ያንኑ ያደርጋል።

ጎብኚው ተሰልፏል። ሠራተኛው ግልገሉን አውጥቶ ለመጀመሪያው ሰው አስታቀፈ። ጡጦው አፉ ውስጥ ገባ። ፎቶው ተነሣ። ወዲያው ጡጦውን መንጭቆ ከአፉ አወጣውና ለሚቀጥለው ሰው ሰጠ። ግልገሉ ጠግቦ ቢተኛ ሰልፉ ስለሚቆም ሆን ተብሎ በረሃብ ይቆያል ማለት ነው። እህቴ ተራችን ሲደርስ አላቅፍም አለች። ገንዘቡ እንደማይመለስ ነገሩን። ጥፍሮቹን ቀረብ ብዬ አየኋቸው። እስከ ሥራቸው ተቆርጠዋል። የዚህ ድብ ጥፍር እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ዛፍ የሚወጣበትና የበሰበሰ ግንድ የሚፈለቅቅበት መሣሪያው ነው። ጫካ የሚመለስን እንስሳ ጥፍር ማን ይቆርጣል?

አሁን ወደ ሰርተፊኬቱ ልምጣ። ማጭበርበሩ በግልጽ የተያዘው በእሱ ነው።

የፀሐይ ድብ ደረቱ ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ምልክት አለው። ቅርጹ ከድብ ድብ ይለያያል። እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። ተመራማሪዎች ጫካ ውስጥ በሚተክሉት ካሜራ የትኛው ድብ የትኛው እንደሆነ የሚለዩት በዚሁ ምልክት ነው። በኛ ሰርተፊኬት ላይ ያለው ግልገል ምልክቱ በግራ በኩል ቁርጥ ያለ ነው። ከቁራጩ በታች ሁለት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። እህቴ «ሰላም» ብላ ስም አውጥታለታለች። ሻርጃ ያለች ጓደኛችንም ከዚያው ሰው ፓኬጅ ገዝታ ስለነበር የሷን ሰርተፊኬት አሳየችን። የሷ ግልገል ስሙ «ማር» ነው። የተገኘበት ቀን ሌላ፣ የተገኘበት ቦታ ሌላ። ደረቱ ላይ ያው ቁራጭ፣ ያው ሁለት ነጠብጣብ። ግሩፕ ላይ ስንጠይቅ በሌላ ስም ሦስተኛ ሰርተፊኬት መጣ። ድቡ ያው ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። አንድን እንስሳ ብዙ ሰው ስፖንሰር ማድረጉ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ትክክለኛ ማዕከላትም ተምሳሌታዊ ጉዲፈቻ የሚሉትን ያዘጋጃሉ። ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ይነግሯችኋል። ድቡ ስሙ አንድ ነው፣ ገንዘቡ ለሁሉም ድቦች ምግብና ሕክምና ይውላል፣ እናንተ ከብዙ ደጋፊዎች አንዱ ናችሁ። ለአንድ ግልገል ሦስት የትውልድ ታሪክ ፈጥሮ ለሦስት ሰው «የናንተ ብቻ ነው» ብሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ መልእክት መጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ! ሰላም ወደ ጫካ ተመልሷል። ለአዲስ ግልገል ስፖንሰር ሁኑ።» ቪዲዮ ተያይዟል። አንድ ድብ ከፒካፕ ላይ ካለ ሣጥን ሲወጣ ሰዎች ያጨበጭባሉ። ቪዲዮውን አቁሜ ደረቱን አየሁት። ምልክቱ ሙሉ ነው። ቁራጭ የለውም፣ ነጠብጣብም የለውም። ደግሞም ያደገ ድብ ነው። የኛው ግልገል ያኔ ጡጦ አልተወም ነበር። ይህን ጽፌ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ።

ምልክቱን ባላይ እንኳ ታሪኩ ራሱ እንደማይሆን እነግራችኋለሁ። እናት አልባ የፀሐይ ድብን ወደ ጫካ መመለስ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

በቦርኒዮ ደሴት፣ በማሌዥያ ሳባህ ግዛት፣ ሳንዳካን ከተማ አጠገብ ሴፒሎክ የሚባል ቦታ አለ። ዎንግ ሲው ቴ የተባለ ማሌዥያዊ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 የቦርኒዮ የፀሐይ ድብ ጥበቃ ማዕከልን እዚያ መሠረተ። ለጎብኚ የተከፈተው በ2014 ነው። ከ40 በላይ ድቦችን የያዘ ቦታ ነው። ትኬት ቆርጣችሁ ትገባላችሁ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆማችሁ ድቦቹን ጫካቸው ውስጥ ከላይ ታያላችሁ። ማቀፍ የለም። ጡጦ የለም። አንዳንድ ቀን ድቡ ቅጠል ውስጥ ተኝቶ ጀርባውን ብቻ አይታችሁ ትመለሱ ይሆናል። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

አዲስ የመጣ ግልገል መጀመሪያ ለብቻው ይቆያል። በሽታ ይመረመራል። የሰው ጉንፋንና ሳንባ ነቀርሳ ወደ እንስሳ ሊተላለፍ ስለሚችል የሚነካው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ከሌሎች ግልገሎች ጋር ይተዋወቃል። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ታጠረ እውነተኛ ጫካ ይለቀቃል። ሲሚንቶ ላይ ያደገ ድብ በሩ ተከፍቶለት እንኳ አፈር ለመርገጥ ይፈራል። አንዳንዱ እግሩን አውጥቶ መልሶ ያስገባል። ማንም አይገፋውም። ራሱ ደፍሮ እስኪወጣ ይጠበቃል።

ጫካ ውስጥ ግልገል ከእናቱ ጋር ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። ምስጥ የት እንዳለ፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ የማይናደፈውን ትንሽ ንብ ቀፎ ከግንድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈለቅቅ ከሷ ጋር እየዋለ ነው የሚያውቀው። ምላሱ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። ማሩንና እጩን ከጉድጓዱ የሚያወጣበት ነው። እናት ከሌለች ተንከባካቢው ግልገሉን ይዞ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ግልገሉ ግንድ ሲቧጥጥ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እያደገ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰው ራሱን ማራቅ ይጀምራል። ሰውን የሚወድ ድብ ከተለቀቀ ወደ መንደር ይሄዳል። መንደር የገባ ድብ ደግሞ ይገደላል።

ናታሊ የምትባል ድብ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ግልገል ሆና ወደ ሴፒሎክ መጣች። ታቢን በሚባለው ጥብቅ ደን የተለቀቀችው በ2015 ነው። አንገቷ ላይ ሳተላይት የሚከታተለው ኮላር ታስሮላት፣ ከሰው ርቆ ወደሚገኝ ጫካ ተወስዳ። ማዕከሉ ወደ ጫካ የመለሳት የመጀመሪያዋ ድብ እሷ ናት። ከዚህ ሁሉ ድብ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ። ሰው ቤት ለረጅም ጊዜ የኖሩ ወይም የክራንቻ ጥርሳቸው የተቆረጠ ብዙዎቹ ጭራሽ አይለቀቁም። ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ሐቀኛ ማዕከል ይህንን ለጎብኚው አይደብቅም። «ሁሉም ይለቀቃሉ» የሚላችሁን ሰው ተጠራጠሩ።

ከገንዘቡ በላይ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ይሄ ሁሉ እናት አልባ ግልገል ከየት መጣ? የፀሐይ ድብ እናት ልጇን ጥላ አትሄድም። አዳኞች ለሐሞቷና ለመዳፏ ይገድሏታል። ሐሞቱ ለባህላዊ መድኃኒት ይሸጣል፤ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ መሠራት ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ግን ገበያው አልቆመም። ግልገሉ ከሬሳዋ ላይ ተነሥቶ ይሸጣል። የፀሐይ ድብ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ እንስሳ ነው። ማቀፊያ ቦታዎቹ ለግልገል ገንዘብ በከፈሉ ቁጥር ሌላ እናት ትገደላለች። ግልገሉ ደግሞ በጥቂት ወር ውስጥ ያድጋል፣ ይናከሳል፣ ፎቶ መነሻ መሆኑ ያበቃል። ያኔ አዲስ ግልገል ያስፈልጋል።

«አድነነው ነው» ማለት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኳላላምፑር ውስጥ አንዲት ዘፋኝ የፀሐይ ድብ ግልገል አፓርታማዋ ውስጥ ተገኘባት። ግልገሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲጮኽ ጎረቤት ቀርጾት ነው የተያዘችው። መንገድ ዳር አግኝቼ ውሻ መስሎኝ አነሣሁት፣ ላሳክመው ነበር አለች። ታይላንድ ካንቻናቡሪ የነበረውን የነብር ቤተ መቅደስም አስታውሱ። ጎብኚ ነብር እያቀፈ ፎቶ የሚነሣበት፣ መጠለያ ነኝ የሚል ቦታ ነበር። በ2016 መንግሥት ገብቶ 137 ነብሮች ሲያስወጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ 40 የሞቱ ግልገሎች ተገኙ።

ለኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ከኢትዮጵያና ከሶማሊላንድ የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በየመን በኩል ወደ ገልፍ የሚሸጋገሩት በዚሁ ዓይነት ንግድ ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ሆለታ አቅራቢያ ያለውን የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት መጠለያ ማዕከል ያየ ሰው ከእናቱ የተነጠቀ አቦሸማኔ ለምን ዕድሜውን በሙሉ አጥር ውስጥ እንደሚኖር ያውቃል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ግልገሉን መንካት ይቻላል ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ እዚያው ተዉት፤ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። ከየት እንደመጣ፣ የትኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳስረከባቸው በጽሑፍ ይንገሯችሁ። እስካሁን ስንት እንደለቀቁ፣ የት እንደለቀቁ፣ ኮላር እንዳለው ይንገሯችሁ። ክፍያው በድርጅቱ ስም ባለ አካውንት፣ በደረሰኝ ይሁን። መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እንደ ሴፒሎኩ ማዕከል፣ ወይም ሜሪ ሃተን የተባለች አውስትራሊያዊት እ.ኤ.አ. በ1995 እንደመሠረተችው፣ ካምቦዲያና ላኦስ ውስጥ እንደሚሠራው ፍሪ ዘ ቤርስ ያሉ አሉ። በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ብትሄዱ የሚሰጣችሁ ሥራ ፍራፍሬ መቁረጥ፣ የድቦቹን ማደሪያ መጥረግ፣ ለድቦቹ መጫወቻ መሥራት ነው። ድብ አያስታቅፏችሁም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ሰርተፊኬቱን አትጣሉት። የግልገሉን ደረት አጉልታችሁ ፎቶ አንሡና ከሌላ ሰው ሰርተፊኬት ጋር አስተያዩ። የቴሌግራም ምልልሱን እሱ ሳያጠፋው በፊት ስክሪንሾት አድርጉ። የሀዋላውን ወረቀት ያዙ። ካርድ ተቀብሏችሁ ከሆነ ባንካችሁ ክፍያውን እንዲያጣራ ዛሬውኑ አመልክቱ፤ ቀን ገደብ አለው። ዱባይ ያላችሁ የኢንተርኔት ማጭበርበርን ለፖሊስ በኢ-ክራይም ገጹ ማመልከት ትችላላችሁ። እኛ ሦስቱንም ሰርተፊኬት አያይዘን አስገብተናል። የእናንተም ከተጨመረ ጉዳዩ ይጠነክራል።