አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ ማራገፍ ወይስ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን?

አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት ገዢው ያልጠየቃቸው የሙከራ ጸረ ቫይረሶች፣ ጨዋታዎችና የአምራቹ ፕሮግራሞች ተጭነውበት ይገኛሉ። እነዚህን ለማስወገድ ሁለት መንገዶች አሉ።

ወጪና ድካም፦ ማራገፍ ከዊንዶውስ የመተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የማይፈለገውን መርጦ ማጥፋት ብቻ ስለሆነ ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም። እንደ አዲስ መጫን ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽና ብዙ ጊጋባይት የሚያወርድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ይህም በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። የፈቃድ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ስለሚቀመጥ፣ ያው የዊንዶውስ እትም እስከተጫነ ድረስ ሌላ ክፍያ የለም።

ንጽህና፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ የተገኘው ሱፐርፊሽ የተባለው የማስታወቂያ ፕሮግራም ከተራገፈ በኋላ እንኳ፣ የተመሰጠሩ ድረ ገጾችን ለመጥለፍ ያስቻለው ሰርተፍኬት (ኮምፒውተሩ ድረ ገጾችን እንዲያምን የሚያደርግ ዲጂታል ማረጋገጫ) በኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀር ነበር። ከማይክሮሶፍት በወረደ ቅጂ ዲስኩን አጽድቶ መጫን እንዲህ ያለውን ቅሪት ያስወግዳል፤ ኮምፒውተሩን ሲሸጥ ወደነበረበት ሁኔታ በሚመልሰው የአምራቹ ቅጂ መጠቀም ግን ያንኑ ፕሮግራም መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

ስጋት፦ በማራገፍ ጊዜ ድራይቨር (እንደ ዋይፋይ ያሉ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ፕሮግራም) በስህተት ሊጠፋ ይችላል። በአዲስ ጭነት ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ይደመሰሳል፤ የዋይፋይ ድራይቨርም ሊጎድል ስለሚችል አስቀድሞ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይገባል።

ትርፍ ፕሮግራሞቹ ጥቂትና የታወቁ ከሆኑ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሥራ ጀምሮ ፋይል ከተጠራቀመበት፣ ማራገፍ ይበቃል። ገና ምንም ላልተቀመጠበት፣ በተለይም የባንክና የደንበኞች መረጃ ለሚያዝበት ኮምፒውተር ግን፣ እንደ አዲስ መጫን ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።