ባቡር ለማየት ድሬዳዋ ድረስ

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በፈረንሳይኛ ነው። እኩዮቹ ኳስ ሲያሳድዱ እሱ ባቡር ያሳድዳል። ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ቦታ ብሎኔ–ሻምቢ የሚባል የባቡር ሙዚየም አለ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች አሮጌ ባቡሮችን እየጠገኑ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በምትሆን ሀዲድ ላይ ይነዷቸዋል። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ ቆመን ሳለ "የእኛ አገር የድሮው ባቡርም እኮ ሀዲዱ አንድ ሜትር ነበር" አልኩት። ምን አስቀባጠረኝ! ከዚያ ቀን ጀምሮ "መቼ ነው የምንሄደው?" ሆነ ጥያቄው ሁሉ።

ለገና ዕረፍት ሄድን። ልጅ ይዛችሁ አገር ቤት የምትገቡ ካላችሁ የተጠቀምንባቸውን ነገሮች ልንገራችሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ከወር በኋላ ውሸታም ያሰኘኛል።

በአዲሱ ባቡር ልጀምር። መነሻው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው። ትኬቱን አስቀድሞ የቆረጠልን የአክስቴ ልጅ ነው፣ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ይሻላል፤ በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑንም አጣሩ። ፓስፖርት አትርሱ። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ ከጅቡቲ ወደብ ጋር የሚያገናኘው መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስንቅ ያዙ። እኛ እናቴ የቀቀለችውን እንቁላልና ዳቦ ይዘን ነበር፣ ሞጆ ሳንደርስ አለቀ። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ሲታይ ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ አባት "ይሄ ሐይቅ በየጊዜው እየሰፋ መሬቱን በላው፣ የድሮውንም ሀዲድ ፈትኖት ነበር" አሉን። ልጄ አሮጌውን ሀዲድ ፍለጋ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ዋለ። ስለተሳፈረበት ባቡር ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ "ይሄማ እኛም ጋ አለ።"

አሮጌውን መስመር ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ፈቃዱን የሰጡት ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ የፍራውንፌልድ ተወላጅ፣ የስዊስ መሐንዲስ ነበር፣ ልጄን "ያገርህ ሰው" እያልኩ የማሾፍበት። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣና በ1895 አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ግን ገንዘብ በላተኛ ሆኖ ሲገኝ ሀዲዱ ከተራራው ሥር አለፈ፣ እዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት የሚባለው ለዚህ ነው። ኩባንያው ከሠረ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። የአዋሽ ጣቢያው ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ፣ ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ብስጭቱ። አዲስ አበባ ሳለን በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል "የድሬዳዋውን የባቡር ጥገና ግቢ ለማየት ፈቃድ እናስጨርሳለን" ተብለን ሙሉውን ከፍለናል። ስሙን አልጠራም። ድሬዳዋ በገባን ማግስት ጠዋት ከግቢው በር ስንደርስ ስማችንን የሰማ ሰው የለም። ስልካቸው ዝግ ነው። ልጁ ከበሩ ክፍተት አንድ ዝገት የበላው የባቡር አፍንጫ አይቶ ዓይኑ ፈጧል፣ እኔ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስልክ እደውላለሁ። ለዚህ ድርጅት ባዶ ዜሮ ሰጥቻለሁ።

ያዳነን ዘበኛው ነው። "አቦ ምን ያናድድሃል፣ ማመልከቻ ጽፈህ ቢሮ አስገባ" አለኝ፣ የቢሮውንም አቅጣጫ አሳየኝ። ከልጄ ደብተር ወረቀት ተገነጠለ፣ እኔ በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተፈቀደልን። አስጎብኚ የሆኑልን አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ስላላስፈቀድኳቸው ጋሼ ብዬ ልለፍ።

የጥገናው ቤት ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው፦ ግራሶ፣ ናፍጣ፣ የቆየ ብረት። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በቆርቆሮው ክፍተት የሚገባው ብርሃን አቧራው ላይ እንደ ዘንግ ቆሟል። ቶርኖዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ላይ ጣሪያው ሥር አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ያልፋል፣ ከሱ ላይ ሰፋፊ ቺንጋዎች ወደየማሽኑ ይወርዳሉ። ጋሼ እንዳስረዱኝ አንድ ሞተር ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ሁሉንም። የባቡር ጎማ የሚላጭበት ማሽን ከእኔ ቁመት ይበልጣል። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ስለነበር ብዙውን እዚሁ አቅልጠው፣ አፍስሰው፣ ላጭተው ይሠሩት ነበር። "ከቡሎን ጀምሮ" አሉ ጋሼ፣ መዳፋቸውን ጎማው ላይ ጣል አድርገው፣ በሬ እንደሚዳብስ ገበሬ።

እስከዚህ ድረስ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ለልጁ እተረጉማለሁ። ውጭ ወጥተን የቆሙትን ሰረገላዎች ማየት ስንጀምር ነገሩ ተገለበጠ። ጋሼ ወደ አንዱ እየጠቆሙ "ይሄ ፉርጎ ነው" ከማለታቸው ልጄ ዘሎ "ፉርጎን!" አለ። ቃሉ ለካ የፈረንሳይኛ ነው፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስለው ልብ ብዬው አላውቅም። ጋሼ ዞር ብለው አዩት። "ቱ ፓርል ፍራንሴ?" (ፈረንሳይኛ ትናገራለህ?) አሉት። በቃ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ሥራ ፈታሁ።

ፈረንሳይኛቸውን የተማሩት ከኩባንያው አለቆች ነው፤ የሽመንደፈር (የምድር ባቡሩ) ሠራተኛ ሁሉ በዚያ ቋንቋ ነበር ያደገው። ልጄ "ሎኮሞቲቭ" ሲል "የባቡር ሰው ማሺን ነው የሚለው" ብለው አረሙት። በፈረንሳዩ ኩባንያ በአልስቶም የተሠሩትን የናፍጣ ባቡሮች እየዞሩ፣ ፍሬኑ በአየር እንዴት እንደሚይዝ፣ አሸዋው ከጎማው ፊት የሚፈስሰው ለምን እንደሆነ ያስረዱታል። ለሦስት ዓመት አማርኛ ትምህርት ቤት እየከፈልኩ ያላገኘሁትን ዓይነት ትኩረት አየሁ፣ ያውም በፈረንሳይኛ። ሳላስበው ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

ልጄ ከሎዛን ድረስ ሜትር ይዞ መጥቷል። ከቦርሳው አውጥቶ ሀዲዱ ላይ ተንበረከከ፣ ከአንዱ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው ዘረጋው። አንድ ሜትር፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። በደስታ ጮኸ። "ምን መስሎህ ነበር ታዲያ?" አሉት ጋሼ፣ ቅር ያላቸው ይመስል። የአዲሱ ሀዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እነዚህ ፉርጎዎች እዚያ ላይ መቼም አይወጡም። የአዲስ አበባው መንገድ ከቆመ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው በደወሌ በኩል አልፎ አልፎ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሀዲዱን የተሸከመው እንጨት ሳይሆን ብረት ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው "እንጨቱንማ ምስጥ ይበላው ነበር" አሉኝ።

በአንዱ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ገባን። እንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ዝገት የያዘው የመስኮት መዝጊያ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫሩ ስሞች። እዚያው ቁጭ ብዬ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ወንበሩን ስታይ ሳቀች። እሷ በወጣትነቷ ከድሬ ጨርቅ እያመጣች ትሸጥ ነበር። ፈታሽ ሲመጣ ሦስት ቀሚስ ደራርባ፣ አንሶላ ሆዷ ላይ ጠምጥማ "እርጉዝ ነኝ" ትል እንደነበር እኔ የሰማሁት በዚያች ቀን ነው። "ደግሞ ማሞቂያ አያስፈልግም ነበር፣ ድሬ በሙቀት ትገድላለች፣ እኔ ግን አራት ልብስ ለብሼ!" አለች። ጋሼ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው "እናቴ፣ እናንተን ለመደበቅ እኛም ስንት ተሰድበናል" አሏት።

አንድ ቦታ ላይ የጋሼ ድምፅ ዝቅ አለ። ከጨዋታቸው መሐል "አዋሽ" የምትለውን ቃል ብቻ ያዝኩ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባው ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ገብቶ ከሀዲዱ ወጣ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ልጄ ምንም አልጠየቀም። ቀጥለው ሲራመዱ ግን እጃቸውን ይዞ ነበር።

መውጫችን ላይ ልጄ መሬት ላይ የወደቀ አንድ የዛገ ቡሎን አንሥቶ "ልውሰደው?" አለ። እኔ ምን አለበት ልል ነበር። ጋሼ ተቀብለው አዩት፣ አገላበጡት፣ ወደ ፉርጎው ጥግ ወስደው አስቀመጡት። "ይሄ የድርጅቱ ንብረት ነው" አሉ። ለአስጎብኚነታቸው አምስት ከአምስት። የሰጠኋቸውን ደግሞ ሁለት ጊዜ መልሰውልኝ በልጁ በኩል ነው ያስያዝኳቸው።

ለምትሄዱ፦ በጠዋት ግቡ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ብረቱ ያቃጥላል። ክፍት ጫማ አታድርጉ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ለአዲስ አበባ ደላላ አትክፈሉ።

ያደርንበት ሆቴል ከዚራ ከሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ብዙም አይርቅም፣ ስሙን ልተወው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ባሳይም "ፓስፖርቱ የውጭ ነው" ብለው በዶላር አስከፈሉኝ። ውኃው ሲመጣ ቡናማ ነበር፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ባልዲ ይመጣል። ግን የሚያመጣው ልጅ ትሑት ስለሆነ ሁለት ኮከብ ይገባዋል። የከዚራ ዛፎች ጥላ፣ የምሽቱ ሳምቡሳና የጠዋቱ ፉል ከሆቴሉ አይደሉም እንጂ ቢሆኑ አምስት እሰጥ ነበር። የባጃጅ ሹፌሮች ዋጋ ያስወድዳሉ፤ "ድሬ ነኝ" በሏቸውና ተከራከሩ፣ አያምኑም ግን ይስቃሉ።

ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ተመለስን። ወደ ስዊዘርላንድ ከመብረራችን በፊት በነበረው ቀን ለገሃር ወሰድኩት። በኅዳር 1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያው ሕንፃ ፊት ለፊት የአንበሳው ሐውልት ቆሟል። ጣሊያኖች ወደ ሮም ወስደውት ከዓመታት በኋላ የተመለሰው አንበሳ መሆኑን ነገርኩት። "ለገሃር" ማለት ምን እንደሆነ ግን እሱ ነው የነገረኝ፣ "ላ ጋር! ጣቢያ ማለት ነው እኮ!" እያለ። እኔ ይህንን ሕፃን ሆኜም አውቀው ነበር፣ ግን ዝም አልኩ።

ሎዛን ከገባን ሁለት ሳምንት ሆነ። ትናንት በጋሼ ሴት ልጅ ዋትስአፕ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ፣ በፈረንሳይኛ። የእናንተ ሙዚየም ሰዎች ለአሮጌ ባቡር ኩሽኔታ የሚቀቡት ግራሶ ምን ዓይነት ነው፣ ጠይቅልኝ ይላሉ። ሙዚየሙ እስከ ግንቦት ዝግ ነው። ልጄ የበሩን የስልክ ቁጥር ፈልጎ አግኝቶ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ደውሏል።