የጊታር መቃኛ ሲቀየር፦ በነበረው ቀዳዳ ልክ ወይስ ቀዳዳውን አስፍቶ?

መቃኛው፣ ማለትም የጊታሩ ራስ ላይ ክሩን የሚወጥረው ቁልፍ፣ ሲላላ ወይም ጥርሱ ሲበላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በነበረው ቀዳዳ ልክ የሚገባ መግዛት ነው። ሌላው ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርሱ የተሸፈነውን ዘመናዊ መቃኛ መግጠም።

ወጪ፦ የመጀመሪያው በመቃኛው ዋጋ ብቻ ያልቃል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የባለሙያ ሂሳብ አለው።

ቅለት፦ በልክ ለሚገባው ከካቻቢቴ ብዙም የሚያልፍ ነገር አያስፈልግም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን በካሊፐር ለኩ። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 8.5 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፤ ሽፍኖቹ 10 ሚሊሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። የቪቲዎቹን ቦታም እዩ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ተራ የድሪል ጫፍ የተበሳ ቀዳዳ ሲያገኝ መሃሉን ይስታል፣ እንጨቱን ይነክሳል፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙን ይልጣል። በእጅ እየዞረ ቀስ እያለ የሚያሰፋ ሪመር ይሻላል፤ ከፊትም ከኋላም እያስገቡ። እኔ ብሆን ድሪሉን አላስጠጋውም። በልክ የሚገባውም ቢሆን ጣጣ አያጣውም፦ ቪቲው ቀድሞ በቀጭኑ ካልተበሳለት ጠንካራ እንጨት ውስጥ ቀንጠስ ይላል። ሰም ነካ አድርጉት።

ጥቅም፦ ሽፍኑ ቅባቱን ይይዛል፣ አቧራም አያስገባም።

ጊታሩ አሮጌና ዋጋ ያለው ከሆነ ቀዳዳውን አትንኩት። በየመድረኩ የሚንገላታ ተራ ጊታር ከሆነ ግን ማስፋቱ ያዋጣል። ቀዳዳው ቀድሞ ሰፍቶ ከተገኘ ደግሞ ማጥበቢያ ቀለበት አለ፤ የድሮው ዓይነት በዚያ ይገባል።